ሞተር ሳይክል ኩላንት ሲያጣና ሲፈላ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ፣ የሚያጣ ሞተር ሳይክል ሲመጣልኝ ባለቤቱ ምርመራውን ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ጓርኒሲዮን ነው አሉኝ» ይላል፤ በሞተሩ አካልና በራሱ መካከል ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አብዛኛውን ጊዜም ከዚያ አላልፍም።

ፊውዝ፣ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ የኩላንት መጠን የመሳሰሉትን አይታችኋል ብዬ ልነሳ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኩላንቱ የት ሄደ? ወይ ወደ ሪዘርቭ ጠርሙሱ ሄዷል፣ ወይ ውጭ ፈሷል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ተቃጥሏል ወይም ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። አራተኛ መንገድ የለውም።

ጠርሙሱ ሞልቶ ይፈሳል፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል

ጊዜዬን የሚበላው ይኼኛው ነው። በደንብ እንየው።

ክዳኑ ሁለት በር አለው። ትልቁን ሞላ ይዞታል፤ ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ይከፈትና ትርፉን ወደ ጠርሙሱ ይለቃል። ከሥር መሃል ላይ ያለችው ትንሿ በር ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትከፈትና የወጣውን መልሳ ታስገባለች። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 1.1 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው፣ ትልቁ በር የሚከፈትበት ግፊት ነው። ውሃ ያለ ግፊት በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታ ቦታ ላይ ከዚያም በታች። 1.1 ባር ሲጫንበት ግን እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ይታገሣል። መንገድ ሲጨናነቅ ሞተር 100 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ መፍላቱ አይቀርም። የሞተሩ ጥፋት አይደለም።

አንድ ደንበኛ የውሃ ፓምፕ አስቀይሮ፣ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አስወርዶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ መጣ። አሁንም ይፈላል። ክዳኑን ገለበጥኩት። የታችኛው ጎማ ላይ የራዲያተሩ አፍ ክብ ቦይ ቆፍሮበታል። በጥፍሬ ስጫነው ንቅንቅ አይልም፤ ደርቋል። በአንድ በኩል ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው። ያን ሁሉ ሥራ የሠራው ሰው ክዳኑን ስንቴ ከፍቶ ዘግቷል፤ አንዴ እንኳ ገልብጦ አላየውም። አዲስ ክዳን ገጠምንለት፣ መፍላቱ በዚያው ቀረ።

ሌላው የሚያብረቀርቅ ቀይ ክዳን ገጥሞ መጣ። 1.3 ይላል። ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ መስሎታል። የክዳኑ ጥልቀት ከራዲያተሩ አፍ ጋር ስለማይገጥም ጎማው መቀመጫው ላይ በቅጡ አልደረሰም። 1.3 የሚለው ክዳን ምንም አይዝም ነበር። ቢገጥምለትም ትርፉ ጉዳት ነው፤ ያረጀ ቱቦና ያረጀ ራዲያተር ላይ ግፊት መጨመር አዲስ ቀዳዳ መፈለግ ነው። ለጌጥ የሚሸጥ ክዳን አትግዙ። ፋብሪካው ያዘዘውን ቁጥርና ልክ ግዙ።

ክዳኑን ስታዩ እነዚህን ሁሉ እዩ። የታችኛው ጎማ ለስላሳ ይሁን፣ ቦይ አይኑረው። ትንሿን በር በጥፍር ሳብ አድርጓት፤ ዝቃጭ ካጣበቃት አትንቀሳቀስም። የላይኛውን ጎማ ማንም አያየውም፤ እሱ ከተበላ ሲቀዘቅዝ ኩላንት ከጠርሙሱ በመሳብ ፈንታ ከውጭ አየር ይስባል። ከዚያ የራዲያተሩን አፍ መቀመጫ በጣት ዳብሱት። ዝቃጭ ካለው በጨርቅ ጥረጉ። በሞረድ አትንኩት! አንዱ ሞርዶት አይቻለሁ፤ ራዲያተሩ ተጣለ።

ክዳኑ ደህና ሆኖ ኩላንቱ ከጠርሙሱ ካልተመለሰ ወደ ጠርሙሱ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ተመልከቱ። የተቀደደ ስትሮ ለስላሳ አይስብም፤ ይህችም እንደዚያው ናት። ስንጥቋ አብዛኛውን ጊዜ ጫፏ ላይ፣ ማሰሪያ ሽቦዋ ሥር ነው የምትገኘው። ጫፉን ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል። ቱቦዋ ጠርሙሱ ውስጥ እስከ ታች መድረሷንም አረጋግጡ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ፋኑ እስኪነሳ ንዱት። ጠርሙሱ ከፍ ማለት አለበት። አሳድሩት። ጠዋት ወደ ምልክቱ ካልተመለሰ ችግሩ ያለው ክዳኑ ወይም ቱቦው ላይ ነው።

በሞቀ ሞተር ላይ ክዳን አትክፈቱ። በጨርቅ ይዛችሁም ቢሆን፣ «ቀዝቅዟል» ብላችሁም ቢሆን። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ አድርጉ፤ ከጠጠረ ግፊት አለ። እየፈላ የሚዘልለው ኩላንት ፊት ነው የሚያገኘው። ይህን የምጽፈው የተቃጠለ ፊት ስላየሁ ነው።

መሬት ላይ ይንጠባጠባል

ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ በሲሊኮን አትድፈኗት። ኩላንት ከወጣባት የፓምፑ የውሃ ማሸጊያ (ሲል) አልቋል። ዘይት ከወጣባት ፓራኦሊው (የዘይት ማሸጊያው) ነው። ከደፈናችኋት የሚያፈሰው መንገድ ሲያጣ ወደ ዘይቱ ይሄዳል።

ጠዋት ብቻ የሚያንጠባጥብ፣ ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ የቱቦ መጋጠሚያ ነው። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ፋሼታውን በመጠኑ አጥብቁ፤ ከልክ ካለፈ ቱቦውን ይቆርጠዋል።

ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት የሚባል ነገር አለ። አትጨምሩ። የሞተር ሳይክል ራዲያተር መንገዱ ቀጭን ነው፤ ዱቄቱ ቀዳዳውንም መንገዱንም አብሮ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ራዲያተሩን ማጽዳት ሳይሆን መቀየር ነው።

የፈሰሰ ኩላንት የኋላ ጎማ ላይ ካረፈ ያንሸራትታል። ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋል። ልጅ ባለበት ቤት በተከፈተ ዕቃ አታስቀምጡት።

ኩላንት አይጎድልም፣ ግን ይሞቃል

ቆሞ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ፋኑ ነው። ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኙት። ከዞረ ጥፋቱ ሰንሰሩ (ሙቀቱን የሚለካው)፣ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራው ማብሪያ) ወይም ሽቦው ላይ ነው። ካልዞረ ራሱ ሞቷል። ሲሠራም ቢሆን ወዴት እንደሚነፍስ እዩ። ከራዲያተሩ ጀርባ ያለ ፋን አየር ከፊት ነው የሚስበው። ቁራጭ ሶፍት ከፊት ለፊት አስጠጉ፤ መጣበቅ አለበት። ሽቦው ተገላብጦ ከታሰረ ፋኑ በተቃራኒ ይዞርና ንፋስ ከፊት ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። ይህ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል፣ በተለይ ሽቦ በቴፕ የሚያስሩ እጆች ከነኩት በኋላ።

በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ፍሰት ነው የጎደለው። ራዲያተሩ ከውጭ በጭቃ ወይም ከውስጥ በዝቃጭ ተደፍኗል። የውስጡን ዝቃጭ የሚያመጣው የቧንቧ ውሃ ነው። የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ካልተበረዘ ኩላንት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ ኩላንቱም ሲሊኬት የሌለው ቢሆን ለፓምፑ ሲል ይበጃል። የውጭውን ጭቃ በከፍተኛ ግፊት ውሃ አትጠቡ። ስስ ክንፎቹን አጥፎ ይዘጋቸዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በዝግታ።

ሞተሩ እየጋለ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሲሞቅ ተከፍቶ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ አልተከፈተም። ብረቱ ላይ የሚከፈትበት ዲግሪ ተጽፏል። በድስት ውሃ ውስጥ አሙቁትና እዩት። አውጥቶ መጣል ጥገና አይደለም፤ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይደርስ ይሠራል፣ ነዳጅም ይበላል።

ኩላንት ይጠፋል፣ የትም እርጥበት የለም

እንግዲህ ጓርኒሲዮን የምንለው እዚህ ጋ ስንደርስ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ከጠጠረ የቃጠሎ ጋዝ እየገባ ነው። ከመነሳቱ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ካስነሳችሁት አረፋው ሳይቋረጥ ይወጣል። ጥቂት አረፋ አየር ሊሆን ይችላል፤ የማያቆም ግን ጋዝ ነው። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሌላው ምልክት ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ አታስነሱት።

ቴስታታው ከወረደ ቀጥነቱ ይለካ። በተጣመመ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ማስቀመጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ከየትኛውም ሥራ በኋላ ውስጡ አየር ይቀራል። የፊት ጎማውን ከፍ አድርጉ፣ ክዳኑን ክፍት ትታችሁ ቀዝቃዛውን ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ በዝቅተኛ ዙር) አስነሱ፣ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፣ አረፋው ሲቆም ሙሉና ዝጉ። የአየር ማስወጫ ብሎን ካለው ከእሱ ጀምሩ። በማግስቱ ጠዋት ሳይነሳ ክፈቱት፤ ጎድሎ ከሆነ ሙሉት።