የሥራ ጫና በእንቅልፍ በኩል ወደ ድብርት ያደርሳል? ሚዲዬሽንን በጊዜ ሂደት እንዴት እንደምንፈትሽ

የሥራ ጫና እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ድብርት ያመጣል ብለን እንጠርጥር። እንቅልፍ ማጣት እዚህ ላይ አገናኝ ነው፤ በስታቲስቲክስ ቋንቋ ሚዲዬተር ይባላል። ብዙ ተማሪዎች ሦስቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ ይሰበስቡና ግንኙነቱን አገኘን ይላሉ። ግን ድብርትም እኮ እንቅልፍ ይነሳል! በአንድ ቀን መረጃ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም። የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎቹ ማክስዌልና ኮል በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እንዲህ የተገኘው ቁጥር ከእውነተኛው እጅግ ሊርቅ ይችላል።

ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለኩ። በየዙሩ ሦስቱንም ይጠይቁ፤ ሰውየው ቀድሞ የነበረበት የድብርት መጠን ካልተያዘ የኋለኛው ለውጥ ከምን እንደመጣ መናገር አይቻልም።

በዙሮቹ መካከል ስንት ጊዜ ይለፍ? ይህን መጠይቁ ራሱ ይጠቁማል። ለድብርት በብዛት የሚሠራበት ፒኤችኪው 9 የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ነው። በየሳምንቱ ቢለኩ መልሶቹ ይደራረባሉ፤ በዓመት አንዴ ቢለኩ ደግሞ ውጤቱ ታይቶ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመጠይቁ ሦስተኛ ጥያቄ ስለ እንቅልፍ ነው። ሳያወጡት ከሄዱ እንቅልፍን በእንቅልፍ እየተነበዩ ነው። ጥያቄውን አውጥተው ይደምሩ፤ ከፍተኛው ነጥብ ከ27 ወደ 24 ይወርዳል። ከዚያ ትንታኔውን በሁለቱም መንገድ ሠርተው ያወዳድሩ።

ወደ ሞዴሉ ስንመጣ፣ እኔ የምመርጠው ኤለን ሀማከርና ባልደረቦቿ በ2015 ያቀረቡትን ራንደም ኢንተርሴፕት ክሮስ ላግድ ሞዴል ነው። ምንጊዜም ትንሽ የሚተኛን ሰው ከራሱ ልማድ ያነሰ ከተኛበት ወር ይለያል። የእኛ ጥያቄ ደግሞ ስለዚያ ወር ነው። በነፃ የሚገኘው አር (R) የተባለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ላቫን በተባለው ፓኬጅ ይሠራዋል። በመሃል ያቋረጡ ተሳታፊዎችን አይሰርዙ፤ ያቋረጡት ይበልጥ የተደበሩት ሊሆኑ ይችላሉ። ላቫን ውስጥ ፊምል የሚባለውን ዘዴ ይዘዙ፤ የሰጡትን መልስ ሁሉ ይጠቀምበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዙር ጫና በሁለተኛው ዙር እንቅልፍ ማጣት ላይ ያለው ውጤት 0.4፣ የሁለተኛው ዙር እንቅልፍ ማጣት በሦስተኛው ዙር ድብርት ላይ ያለው 0.3 ቢሆን፣ በእንቅልፍ በኩል ያለፈው ውጤት 0.4 × 0.3 = 0.12 ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት የተመጣጠነ ሥርጭት ስለማይኖረው በቡትስትራፕ፣ ለምሳሌ 5,000 ጊዜ ናሙናውን ደግመው እያወጡ፣ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን፣ ማለትም እውነተኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለውን የቁጥር ክልል፣ ይፈልጉ። ዜሮ በውስጡ ከሌለ ጥርጣሬያችን ድጋፍ አግኝቷል።

ሆኖም ሞዴሉ የሚይዘው በሰውየው ላይ የማይለወጠውን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ሲወለድ እንቅልፍ ማጣቱም ድብርቱም ሊከተሉ ይችላሉ፤ ጫናው ምንም ሳይኖርበት። እንዲህ ያለውን ክስተት በየዙሩ መጠይቅ ውስጥ አስቀድመው ያስገቡ፤ ካለፈ በኋላ ማንም በትክክል አያስታውሰውም።