«ግብሬ የት ገባ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ነጋዴዎች የመንግሥትን ብክነትና የመመሪያ ብዛት ለመጠየቅ ሲነሱ አቤቱታቸውን አብሬ እጽፋለሁ። ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የሚሸነፉት በአቀራረቡ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የኦዲት ሪፖርት አነባበባችን ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ሪፖርቱን ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። በማግስቱ ሰው ሁሉ ትልቁን ቁጥር ያነሳና «ይህን ያህል ብር ተሰረቀ» ይላል። ኧረ ተዉ! ያልተወራረደ ሒሳብ ማለት ገንዘቡ ወጥቶ ማስረጃው በወቅቱ ቀርቦ አልተዘጋም ማለት ነው። ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ዕቃው መጋዘን ገብቶ ሰነዱ ብቻ ሳይቀርብ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ከግዥ ሕግ ውጭ የተፈጸመ ግዥ ሌላ ነው። ያልተሰበሰበ ገቢ ደግሞ ጭራሽ ወጪ አይደለም።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሦስቱንም ደምሬ «ባከነ» አልኩ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ግማሹ ገና ያልተሰበሰበ ገቢ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ቀጥዬ ያነሳሁትን የግዥ ጥያቄ የሰማኝ አልነበረም። እሱ ግን እውነተኛው ብክነት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ድምሩን ተዉት። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ግኝት፣ አንድ የበጀት ዓመት ያዙ። ከዚያ «የአምናው ግኝት ተስተካከለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ማለፍ ይከብዳል።

ሁለተኛው፣ «መመሪያ ነው» ሲባሉ አንገት ደፍቶ መመለስ። ቁጥሩን ጠይቁ! በአዋጅ 1183/2012 መሠረት የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ አለበት። ፍትሕ ሚኒስቴር ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። አንድ ደንበኛዬን በ«መመሪያ» ስም ሦስት ጊዜ አመላለሱት። ቁጥሩን በጽሑፍ ስንጠይቅ የውስጥ ማስታወሻ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሳምንት ጉዳዩ አለቀ።

በነሐሴ ስለ በጀት መጮህም አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ከዚያ በፊት ነው። ግንቦት ላይ ተናገሩ።

የራሳችሁን የግብር ክርክር ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። በአዋጅ 983/2008 የግብር ውሳኔ ከደረሳችሁ በኋላ ቅሬታ ለማቅረብ ያላችሁ 21 ቀን ብቻ ነው። ስለ አገር በጀት ሲከራከር ቀኑ ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። ሱቁን ለመዝጋት ተቃርቦ ነበር።

መረጃ ስትጠይቁ ደግሞ «የወጪ መረጃ ይሰጠን» ብላችሁ አትጻፉ። ምንም አታገኙም። «የዚህ ሕንፃ እድሳት የግዥ ውልና የክፍያ ሰነድ» በሉ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ገቢ ከሆነበት ዕለት ነውና ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ።