ማታ ላይ ጭንቅላት የሚያሳርፍ ጌም

የጅማ ልጆች፣ ከስራ ገብታችሁ ስልክ ላይ የሰው ጭቅጭቅ ስታነቡ ከምታመሹ ስታርዲው ቫሊን ሞክሩት። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሰራው የእርሻ ጌም ነው፣ በብር ነው የሚገዛው ግን አንዴ ከጫናችሁት ዳታ ስለማይፈልግ ዝናቡ ሲወርድና ኔትወርክ ሲጠፋም ይሰራል። ታርሳላችሁ፣ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ አሳ ታጠምዳላችሁ፣ በቃ ማንም አያሯሩጣችሁም። ቡናም አለው እኮ! በ10 ቀን ይደርስና በየ2 ቀኑ ይለቀማል፣ የጌሙ መኸር ሲገባ ደግሞ ይደርቃል፣ እኛ ጋ የመጀመሪያ ፍሬ ለማየት 3 እና 4 አመት የሚጠብቀው ገበሬ ይሄን ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ 😄

ጊዜ ማባከን ነው የሚል አይጠፋም፣ እኔ ግን አይመስለኝም፣ ሰው ቀኑን ሙሉ የኑሮ ውድነት ሲያሰላ ውሎ ለግማሽ ሰአት ሌላ ቦታ ቢሄድ ምናለበት። ጌሙ ውስጥ አንድ ቀን ወደ 14 ደቂቃ ስለሆነ ሁለት ቀን ተጫውታችሁ የምታጫውቱትን ሰውዬ አልጋው ላይ አስተኙት፣ ያኔ ሴቭ ያደርጋል፣ እናንተም ስልኩን አስቀምጡ። ብቻ የትኛው ሰብል የበለጠ ያተርፋል እያላችሁ ዩትዩብ መቆፈር እንዳትጀምሩ፣ ያ ሁለተኛ ስራ ነው። ፐብጂ ምናምን የሚባሉት የተኩስ ጌሞች ደግሞ ከመኝታ በፊት ይቅሩባችሁ፣ ተሸንፎ የተናደደ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።