ከፕሮጀክት ሂሳብ መዝገብ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሁለት የምርምር ፕሮጀክት ይንቀሳቀሳል እንበል፤ አንዱ መንዝ ላይ በበግ እርባታ፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ በወባ። ለጋሾቹ ሁለት ናቸው። መኪናው ግን አንድ፣ ገንዘብ ያዡም አንድ፣ ብዙ ጊዜ የባንክ ሂሳቡም አንድ ነው። መዝገቡ የሁለቱን ገንዘብ ለይቶ ካልያዘ ማንም ሊለየው አይችልም።

«ኮዱን በኋላ እንሞላዋለን»

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። የክፍያ ማዘዣው የፕሮጀክት ኮዱ ቦታ ባዶ እንደሆነ ይፈረማል፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ መዝጋቢውም ግራ ሲገባው «ልዩ ልዩ» ውስጥ ይከተዋል። ከስድስት ወር በኋላ ለጋሹ ሪፖርት ሲጠይቅ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ያገላብጣል። የነዳጅ ደረሰኙ የየትኛው ጉዞ እንደነበር ሹፌሩም ዘንግቶታል። ያን ጊዜ የሚሠራው ግምት እንጂ ሂሳብ አይደለም፤ ግምት ደግሞ ኦዲተር ፊት አይቆምም።

ስለዚህ አራት ነገር ያልተሞላበት ማዘዣ ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ አይለፍ፦ የገንዘብ ምንጭ፣ የፕሮጀክት ኮድ፣ የሥራው ዓይነት፣ የወጪ መደብ። በመንግሥት የሂሳብ መደብ ውሎ አበል 6231፣ ትራንስፖርት 6232፣ ነዳጅ 6217 ነው። መደቡ ገንዘቡ ለምን እንደወጣ ይናገራል፤ ከማን ኪስ እንደወጣ የሚናገረው የፕሮጀክት ኮዱ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አዲስ የውሎ አበል ሂሳብ፣ አዲስ የነዳጅ ሂሳብ ይከፍታሉ፤ ሃያ ፕሮጀክት ሲሞላ ሌጀሩ (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) በመቶ የሚቆጠር መስመር ይሆናል። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ የውሎ አበል ሂሳቡ አንድ ይሁን፤ ፕሮጀክቱን «ጆብ» አድርገው ይክፈቱ፣ እያንዳንዱን ግቤትም ከጆቡ ጋር ያያይዙ።

የጋራ ወጪስ? መኪናው በአንድ ሳምንት 80 ሊትር ተሞልቶ 320 ኪሎ ሜትር ሄዷል እንበል። የጉዞ መዝገቡ 200ው የበጉ፣ 120ው የወባው ነው ካለ፣ 50 ሊትሩ ለአንዱ፣ 30ው ለሌላው ይመዘገባል። የጉዞ መዝገቡ ቅጂ ከቫውቸሩ ጋር ይታሰር። ታርማ በር ላይ ወደ መንዝ ሲታጠፉ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ካልተጻፈ ግን ክፍፍሉን የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

ቅድሚያ ክፍያን ወጪ ብሎ መመዝገብ

ለመረጃ ሰብሳቢዎች መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሐል ሜዳ ከተማ መውጫ 96,000 ብር ተሰጠ። በዚያው ቀን 6231 ላይ ወጪ ተደርጎ ከተመዘገበ ሪፖርቱ ሥራው እንዳለቀ ያሳያል፤ ሰዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ሲመለሱ 18,000 ብር ቢተርፍ የሚጠይቃቸው መዝገብ የለም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ሲሰጥ ተሰብሳቢ (ከሰዎቹ የሚጠበቅ ገንዘብ) ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት። ሲወራረድ ውሎ አበል 78,000 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 18,000 ዴቢት፣ ተሰብሳቢ 96,000 ክሬዲት። የድሮውን ላላወራረደ ሰው አዲስ ቅድሚያ ክፍያ አይስጡ፤ ዶክተርም ቢሆን።

ደረሰኝ የማይቆርጥ የገጠር መንገድ መሪ ሲከፈለው የክፍያ ቅጹ ላይ ስሙ፣ ቀበሌው፣ የሠራባቸው ቀናት፣ የተቀበለው ብርና ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ይኑር። አሥራ አምስት ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ከመጣ መልሰው ይላኩት።

የሰኔ ጥድፊያ

ከግምጃ ቤት የመጣ በጀት ሰኔ 30 ካለቀ በኋላ አይገኝም። የለጋሽ ገንዘብ ግን የሚያበቃው በውሉ ማብቂያ ቀን ነው። ይህን ያልለየ ሰው የፕሮጀክቱን ገንዘብ በሰኔ ላልታቀደ ወንበርና ላፕቶፕ ያውለዋል፤ ለጋሹ ወጪውን አልቀበልም ሲል የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ነው። ሐምሌ 1 የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ቀሪ ለየብቻው ወደ አዲሱ ዓመት ይዙር፤ በድምር ከዞረ የማን ስንት እንደሆነ ይጠፋል።

የቀን መቁጠሪያውም ያሳስታል። የለጋሹ ግማሽ ዓመት ጁን 30 ሲዘጋ በእኛ ሰኔ 23 ነው፤ እስከ ሰኔ 30 ያለውን አትሞ የሚልክ ሰው የቀጣዩን ጊዜ ሰባት ቀን ጨምሮ ይልካል። ዲሴምበር 31 ደግሞ በ2016 ታኅሣሥ 21፣ በ2017 ታኅሣሥ 22 ላይ ውሏል። ያለፈውን ዓመት ቀን አይገልብጡ።

የምንዛሪ ተመን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስህተት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። የመጀመሪያው 20,000 ዶላር በ57 ብር፣ ሁለተኛው 10,000 ዶላር በ120 ብር ተመንዝሮ ገባ እንበል። አሁን 600,000 ብር ወጪ ሆነ። ለለጋሹ ስንት ዶላር ተብሎ ይነገር? በመጀመሪያው ተመን 10,526፣ በሁለተኛው 5,000፣ በአማካዩ 78 ብር ደግሞ 7,692። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ውሉ ነው። ውሉ ዝም ካለ ከመጀመሪያው ሪፖርት በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው አይቀይሩ። በብር ያበጠውን ቀሪም ሳይጠይቁ እንደ አዲስ በጀት አይቁጠሩት።

የታዘዘ ግን ያልተከፈለ ግዢ

መዝገቡ 500,000 ብር ቀሪ ያሳያል፤ የ400,000 ብር የላብራቶሪ ኬሚካል ግን ታዟል። ዋና ተመራማሪው ማውጣት የሚችለው 100,000 ነው። ይህን የሚያሳይ ዓምድ በየወሩ ሪፖርት ውስጥ ካልገባ አንድ ብር ሁለት ጊዜ ይታቀዳል።

ኦቨርሄድ (ተቋሙ ለአስተዳደር የሚወስደው ድርሻ) የሚሰላው ከቀጥታ ወጪ ነው ወይስ ከጠቅላላው? ቀጥታ ወጪው 1,000,000 ሆኖ ውሉ ከቀጥታ ወጪ 10 በመቶ ካለ፣ ኦቨርሄዱ 100,000 እንጂ የ1,100,000 አሥር በመቶ አይደለም። በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የራሱ የኦቨርሄድ ተመን ስምምነት የሌለው ተቋም የሚጠቀምበት ተመን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እስከ 15 በመቶ ደርሷል፤ ከፍተኛ ዋጋ ያለው መሣሪያ ግን ከስሌቱ ይወጣል።

በሁለት ፕሮጀክት የሚከፈለው ሰው የሥራ ድርሻ ሲደመር ከመቶ አይለፍ። የተገዛ ዕቃ በሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ወደ መጋዘን ገቢ ሳይደረግ ክፍያው አይጠናቀቅ። የባንክ ማስታረቂያውም በየወሩ ይሠራ፤ የባንኩ ቀሪ ከፕሮጀክቶቹ ቀሪ ድምር ጋር እኩል ካልመጣ፣ ልዩነቱ የየትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ ሳይታወቅ ቀጣዩ ወር አይከፈት።