ከመርከብ የኮበለለው አያት፦ አውስትራሊያ የገባ እንግሊዛዊ መርከበኛን ዘር ከደብረ ብርሃን ሆኖ መፈለግ

እህቴ ሜልቦርን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው የምታገባው። ሽማግሌ ይዞ ቤታችን ሲመጣ አያቴ የጠየቁት ያው የመንዝ ሰው የሚጠይቀውን ነው። «ልጄ፣ እስቲ እስከ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ።» ልጁ አራት ቆጠረ። አምስተኛው ላይ «እሱ ከእንግሊዝ የመጣ መርከበኛ ነበር» አለ። «ከዚያስ?» አሉት። «ከዚያ በኋላ ባሕር ነው።» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋብቻው የሚከለከልበት ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ አያቴ ግን ዘሩ ባሕር ላይ የቀረ አማች አልዋጥ አላቸውና የቤት ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አማች ካላችሁ፣ ወይ እዚያ የተወለዱ የእህት ልጆች «የአባታችን ወገን ከየት ነው?» እያሉ ከጠየቋችሁ፣ መንገዱ ይኸውላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተም ማስታወሻችሁ ላይ አትቀላቅሉ። እኔ አንዱን ልደት በእኛ አቆጣጠር ጽፌው ሰውዬውን ከእናቱ ሠርግ በፊት አስወልጄዋለሁ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ቤተሰቡ «ከለንደን ነው የመጣው» ስላለኝ ለንደን ላይ ጀመርኩ። ስሙ ደግሞ የእነሱ «አበበ ከበደ» ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ደርቤ ስፈልግ አስራ ምናምን ሰው አገኘሁና የትኛው የእኛ እንደሆነ ጠፋኝ። አያቴ ይህን ሲሰሙ «አንተ ልጅ፣ ርስት የሚሟገት ሰው ከአቅኚው አይጀምርም» አሉኝ። «ከራሱ ጀምሮ ነው እየቆጠረ የሚወጣው። በየደረጃው ምስክር እያቆመ።» ልክ ናቸው። ከአውስትራሊያ ጀምሩ። ከሞቱ።

የሞት ሰርተፍኬቱን አውጡ። ቪክቶሪያ ከ1853፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1856 ጀምሮ የሲቪል ምዝገባ (ልደት፣ ጋብቻና ሞት መንግሥት የሚመዘግብበት) አላቸው፤ የሞት ወረቀታቸው ደግሞ ከእንግሊዙ እጅግ ይበልጣል። የእንግሊዙ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የሞት ምክንያት ነግሯችሁ ዝም ይላል። የቪክቶሪያው የአባትና የእናት ስም፣ የአባት ሥራ፣ የት ተወለደ፣ የት አገባ፣ ማንን አገባ፣ ልጆቹ እነማን ናቸው፣ ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ስንት ዓመት ኖረ የሚሉ ዓምዶች አሉት። የእኛ ሰው በ1893 ሲሞት «ቪክቶሪያ፣ 41 ዓመት» ተብሎለታል። ስትቀንሱት 1852 ይመጣል። ይህች አንዲት ቁጥር ከብዙ ወር ልፋት አድናኛለች።

ግን ሁሉንም አትመኑ። እዚያው ወረቀት ላይ መረጃውን የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እሱን ሳታዩ የትውልድ ቦታውን አትቅዱ። ለእኛ ሰው የመሰከረው ጎረቤቱ ነው። ለንደንን ያመጣት እሱ ነው።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው። የቪክቶሪያ መዝገብ ቤት ከ1852 እስከ 1923 የገቡ ተሳፋሪዎችን ስም በነፃ እንድትፈልጉ ያስችላል፤ ፈልጉ፣ ክፋት የለውም። መርከበኛ ግን ደመወዝ እየተከፈለው ነው የመጣው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ እሱን ማሰስ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ረዳቱን ትኬት ከቆረጡት መሀል እንደመፈለግ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የሠራተኞቹን ዝርዝር ነው። መርከቡ ሲድኒ ከደረሰ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከ1845 እስከ 1922 ሲድኒ የገቡ መርከቦችን የሠራተኛ ዝርዝር ከነዕድሜያቸውና ከነአገራቸው በጎ ፈቃደኞች እየገለበጡ «ማሪነርስ ኤንድ ሺፕስ ኢን አውስትራሊያን ዎተርስ» የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስቀምጠውታል።

1852 ሲባል ደግሞ ጆሯችሁ ይቁም። በ1851 ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ሜልቦርን ወደብ የደረሰ መርከበኛ መርከቡን እየጣለ ወደ ባላራትና ቤንዲጎ ሲኮበልል፣ መርከቦቹ የሚነዳቸው አጥተው ወደቡ ላይ ቆመው ቀሩ። ኮብላይ ደግሞ ስሙን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ «ትሮቭ» የሚባለውን የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ክፈቱ። ከ1803 ጀምሮ ያሉ ጋዜጦች ተነስተው ተቀምጠዋል፣ ክፍያ የለውም። የሰውዬውን ስም ብቻ አትጻፉ። የመርከቡን ስም፣ ዓመቱንና «የኮበለለ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል (deserted) አብራችሁ ጻፉ። ፊደሉን ያነበበው ማሽን ስለሆነ አንዳንዱ ስም ተበላሽቶ ነው የሚገኘው፤ አጻጻፉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር ልምጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1845 እስከ 1853 እያንዳንዱ የንግድ መርከበኛ መታወቂያ እንዲይዝ አዞ ነበር። መዝገቡ ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ «ቢቲ 113» በሚል ቁጥር ይገኛል። ፎቶ በሌለበት ዘመን ሰውን በቃል ነው የሚስሉት። የእኛውን ሳገኘው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ደብረ ብርሃን በዚያ ሰዓት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ትውልድ ዊትቢ፣ ዮርክሸር፣ 1829። ፀጉር ቡናማ። ዓይን ሰማያዊ። ግራ ክንዱ ላይ የመልሕቅ ንቅሳት። መጀመሪያ ባሕር የወጣው በ1842 በሎሌነት። መጻፍ ይችላል። ቁመት የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ቁጥር የለም፤ «በማደግ ላይ» ይላል። አስራ ስድስት ዓመቱ ነበራ!

የአባቱ ስም ግን እዚህ የለም። ስለዚህ ይህ ሰውና የሜልቦርኑ ሟች አንድ መሆናቸውን በሌላ ማስረጃ ማሰር አለባችሁ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሰውያችሁ ከ1857 በኋላ ባሕር የወጣ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ በሰው ስም የተያዘ ማዕከላዊ መዝገብ አልነበረም፤ መርከቡን ካላወቃችሁ ሰውዬውን አታገኙም። ከ1855 ጀምሮ እያንዳንዱ የእንግሊዝ መርከብ የማይቀየር መለያ ቁጥር አለው፣ እሱን ያዙ። «ሜሪ» የሚባል መርከብ ስንት እንዳለ ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ከ1863 እስከ 1938 ካለው የሠራተኛ ዝርዝር 70 በመቶ ያህሉ የተቀመጠው፣ ይገርማችኋል፣ እንግሊዝ ሳይሆን ካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ5 የሚያልቁ ዓመታት አብዛኛው ግሪንዊች ባሕር ሙዚየም ነው ያለው። የዝርዝሩ ዋና ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፤ መርከበኛው ከዚያ በፊት የነበረበትን መርከብ ስም ይጽፋል። ያን ይዛችሁ ወደ ቀደመው፣ ከዚያም ወደ ቀደመው ትወጣላችሁ። ይህን ለአያቴ ሳስረዳቸው ወዲያው ነው የገባቸው።

የባሕር ኃይል ወታደር ከነበረ መንገዱ ሌላ ነው። ከ1853 እስከ 1872 «ኤዲኤም 139»፣ ከ1873 ወዲህ «ኤዲኤም 188» በሚሉ ቁጥሮች እዚያው ኪው ባለው ቤተ መዛግብት መዝገቦች ውስጥ ፈልጉ። እስረኛ ሆኖ ከተላከም የእስረኞች መዝገብ ከ1788 እስከ 1868 አለ፤ ቤተሰቡ እንዳይቀየማችሁ ብቻ በዘዴ ጠይቁ።

ስለ ገንዘብ። «ፋሚሊሰርች» እና «ፍሪቢኤምዲ» የሚባሉት የዘር መፈለጊያ ድረ ገጾች ነፃ ናቸው፤ የመርከበኛ መታወቂያውን ምስል ያየሁት ግን በክፍያ ገጽ ነው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ጣጣ ስለሆነ እዚያ ያለው ዘመድ ይክፈል። ወይም ሰፈሩ ያለው ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፣ ብዙዎቹ ውስጥ ቁጭ ብሎ በነፃ ማየት ይቻላል። ያገኛችሁትን ገጽ ወዲያው አስቀምጡት። መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄደው ትዕግስት ነው።

የቀረው አባቱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሲቪል ምዝገባ የጀመረው በሐምሌ 1837 ስለሆነ በ1829 የተወለደ ሰው የሚገኘው በደብር የክርስትና መዝገብ ነው። ከ1813 ወዲህ ያለው መዝገብ በታተመ ቅጽ ስለተሞላ የአባትን ሥራም ይነግራል። የዊትቢው መዝገብ ላይ ያየሁት የአባትና የእናት ስም፣ የአባት ሥራም ጭምር፣ ከሜልቦርኑ የሞት ወረቀት ጋር አንድ ነው። ያልኳችሁ ማሰሪያ ይህ ነው።

ስድስተኛው ቤት ተቆጠረ። ለሰባተኛው የሕዝብ ቆጠራ ነው የያዝኩት። የ1841ዱ፣ ካፒቴን ሃሪስ አንኮበር ሣህለ ሥላሴ ዘንድ በደረሰበት ዓመት የተቆጠረው፣ ብዙ አይረዳም፤ የአዋቂን ዕድሜ ወደ አምስት ቤት ዝቅ እያደረገ ይጽፋል፣ የትውልድ ቦታም «በዚሁ አውራጃ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ያልፋል። የ1851ዱ ግን የተወለዱበትን ደብር ይጠራል። አያቴ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ደረስክ?» ይሉኛል።