አዲስ ዜጋ በአሜሪካ ምርጫ ድምፁን እንዴት እንደሚሰጥ፦ ስም፣ መታወቂያና የማጭበርበር ሕጎች

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ሕግ አንድ ወጥ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ ጥቂት መሠረታዊ ድንጋጌዎችን ካስቀመጠ በኋላ ምዝገባውን፣ መታወቂያውንና ቆጠራውን በአብዛኛው ለየግዛቱ ትቶታል። በዚህም ምክንያት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር መራጭ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን፣ የልደት ቀኑንና አድራሻውን ተናግሮ ድምፅ ሲሰጥ፣ በጆርጂያ ክላርክስተን የሚኖረው ወንድሙ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ካላሳየ ድምፁ ወዲያውኑ አይቆጠርለትም።

የምርጫ ማጭበርበር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን የኮሮጆ ግልበጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ አለው፤ አንዱ ወገን ዜጋ ያልሆነ ወይም በሌላ ሰው ስም የቀረበ ሰው እንዳይመርጥ የመታወቂያው ሕግ ይጥበቅ ሲል፣ ሌላው ወገን መታወቂያ ለማውጣት የሚቸገሩ ድሆችና አዛውንት መብታቸውን እንዳያጡ ይሟገታል። በእኔ ግምት አዲሱን ዜጋ ከክርክሩ ይልቅ የሚያሰናክለው በሦስት መሥሪያ ቤቶች በሦስት መልክ የተጻፈው ስሙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም የተቀመጡት ይህን በማሰብ ነው፤ ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መሐላው ሳይፈጸም አይመዝገቡ

በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። የዜግነት ፈተናውን ያለፈና ማመልከቻው ተቀባይነት ያገኘ ሰው እንኳ ቃለ መሐላውን እስኪፈጽም ድረስ ዜጋ ስላልሆነ፣ በፈተናውና በመሐላው መካከል ባለው ጊዜ በመራጮች ምዝገባ ቅጽ ላይ መፈረም የለበትም። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመንጃ ፈቃድ ቢሮ ነው። በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአብዛኞቹ ግዛቶች እነዚህ ቢሮዎች መራጮችንም እንዲመዘግቡ ስለሚያዝ፣ ሠራተኛው «መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን በቅጡ ያልተረዳ የግሪን ካርድ ባለቤት ለጨዋነት ያህል «እሺ» ይልና «ዜጋ ነኝ» ከሚለው መስመር ሥር ይፈርማል።

መዘዙ ከባድ ነው። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ከእስራቱ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ከአገር መባረሩ ነው፤ ድምፅ ባይሰጥ እንኳ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መፈረሙ ራሱ ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም ስለ ምዝገባና ስለ ምርጫ በግልጽ ይጠይቃል። ስለዚህ በስሕተት የተመዘገበ ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት፣ ምዝገባውን በራሱ ለማሰረዝም ከመሞከሩ በፊት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ ብቻ እንዲሳተፉ ይፈቅዳሉ። ሕጋዊ ቢሆንም የከተማውን ቅጽ ከፌዴራሉ ቅጽ ጋር ማምታታት አይገባም።

2. ሦስቱን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ

የዜግነት የምስክር ወረቀትዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎንና መንጃ ፈቃድዎን ጎን ለጎን አስቀምጠው ስምዎን ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። የእኛ አጠራር የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ አሜሪካኖቹ ግን «የመጨረሻ ስም» ይጠይቃሉ። አንዱ ቢሮ የአያትን ስም እዚያ ሲያስገባ ሌላው የአባትን ያስገባል፤ ኃይለ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ተነጥሎ፣ ሦስተኛ ቦታ ግማሹ ወደ መካከለኛ ስም ተሻግሮ ይገኛል። ጸጋዬን በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህ ተራ ነገር አይደለም። በ2002 የወጣው የምርጫ ሕግ አመልካቹ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲውን የመጨረሻ አራት አኃዞች እንዲሞላ ስለሚያዝ፣ ግዛቱ ያንን ከመንግሥት መዝገብ ጋር ያመሳክራል። በጆርጂያ በ2018 ምርጫ ዋዜማ 53,000 ገደማ ምዝገባዎች ታግደው የቆዩት በአብዛኛው በዚህ ማመሳከር ምክንያት ነበር፤ የአንድ ፊደል ወይም የአንድ ጭረት ልዩነት ይበቃ ነበር። የታገዱት ሰዎች መታወቂያ አሳይተው መምረጥ ቢችሉም፣ ይህን ያላወቀ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ቤቱ መቅረቱ አይገርምም።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በዜግነት የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም መነሻ ያድርጉ፤ በመጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው መዝገቡን ያስተካክሉ፤ ከዚያ መንጃ ፈቃዱን፤ በመጨረሻ የመራጭነት ምዝገባውን። ዜግነት ገና ያላመለከተ ሰው የስም ለውጥ ጥያቄውን በማመልከቻው ላይ ማቅረብ ስለሚችል፣ በሦስት ቦታ የተበታተነ ስሙን በአንድ ጊዜ ለመሰብሰብ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም።

መንጃ ፈቃድ ቢሮ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። አብዛኛው ሰው መንጃ ፈቃድ ያወጣው ግሪን ካርድ ይዞ ሳለ በመሆኑ፣ ዜግነት ካገኘም በኋላ በቢሮው መዝገብ ላይ «የውጭ ዜጋ» ተብሎ ሊቆይ ይችላል። ቴክሳስ በ2019 ይህን የመሰለ መዝገብ ይዛ 95,000 ያህል ሰዎችን በተጠርጣሪነት ዘርዝራ ነበር፤ ብዙዎቹ መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ በሕግ ዜጋ የሆኑ ሰዎች መሆናቸው ስለታወቀ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዕቅዱ ተሰርዟል። ቨርጂኒያ ደግሞ በ2024 ከምርጫው በፊት ባሉት ወራት 1,600 ገደማ ሰዎችን ከመዝገብ አስወጣች፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦክቶበር መጨረሻ እርምጃው እንዲጸና ፈቀደ። ከመሐላው በኋላ የምስክር ወረቀቱን ወይም የአሜሪካ ፓስፖርቱን ይዞ መዝገቡን ማሳደስ የግማሽ ቀን ሥራ ቢሆን ነው።

3. ይመዝገቡ፤ መመዝገብዎንም ያረጋግጡ

በፌዴራል ሕግ አንድ ግዛት ምዝገባን ከምርጫው ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መዝጋት አይችልም። ቴክሳስ ሠላሳውንም ቀን ትጠቀማለች፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኔሶታና ዲሲ በምርጫው ዕለት እንኳ ይመዘግባሉ። ቮት ዶት ጎቭ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ወደየግዛቱ መመዝገቢያ ይመራል። ከተመዘገቡ በኋላ፣ ቢያንስ ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው፣ ስምዎ በመዝገቡ መኖሩን ይመልከቱ።

4. የግዛትዎን የመታወቂያ ሕግ ይለዩ

ከሠላሳ የሚበልጡ ግዛቶች በምርጫ ጣቢያ የሆነ ዓይነት መታወቂያ ይጠይቃሉ ወይም እንዲቀርብ ያሳስባሉ። ጆርጂያ ፎቶግራፍ ያለበትን ትፈልጋለች፤ የራሷን መንጃ ፈቃድ ጊዜው ቢያልፍም ትቀበላለች፤ ምንም ለሌለው ደግሞ የመራጭ መታወቂያ በነፃ ትሰጣለች። ቴክሳስ ከምትቀበላቸው ሰባት መታወቂያዎች አንዱ ፎቶግራፍ ያለበት የዜግነት የምስክር ወረቀት ነው፤ የሽጉጥ ፈቃድም ይሠራል፣ የተማሪ መታወቂያ ግን አይሠራም፤ ይህ ልዩነት የብዙ ክርክር ምንጭ መሆኑ አያስደንቅም። ቨርጂኒያ የፎቶግራፉን ግዴታ በ2020 አንሥታ የመብራት ሒሳብ ወይም የባንክ መግለጫም ትቀበላለች፤ ምንም ያልያዘም ማንነቱን በፊርማ አረጋግጦ መምረጥ ይችላል። በሚኔሶታ አስቀድሞ የተመዘገበ መራጭ መታወቂያ አይጠየቅም፤ በዕለቱ ለመመዝገብ የመጣ ሰው የመኖሪያ ማስረጃ ባይኖረው፣ በዚያው የምርጫ ጣቢያ የተመዘገበ ጎረቤት በመሐላ ሊመሰክርለት ይችላል፤ እንደ አገራችን ዋስ መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ይመሰክራል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ፣ በፖስታ ተመዝግቦ ማንነቱ ያልተመሳከረለት መራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ፣ የ2002ቱ ሕግ ስምና አድራሻ ያለበት ሰነድ ወይም የፎቶ መታወቂያ እንዲያሳይ ያስገድደዋል።

የፎቶ መታወቂያ ሕግ ሕገ መንግሥታዊ ነው የተባለው በ2008 ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኢንዲያናን ሕግ በ6 ለ3 ድምፅ አጽንቷል። መሪውን አስተያየት የጻፉት ዳኛ ስቲቨንስ፣ መንግሥት ማጭበርበርን የመከላከል ጥቅም እንዳለው ቢቀበሉም፣ በኢንዲያና ታሪክ ሰው በሌላ ሰው ስም ቀርቦ ድምፅ ስለመስጠቱ በመዝገቡ ውስጥ ማስረጃ እንዳልነበረ አስፍረዋል።

5. ጣቢያው ላይ ችግር ቢገጥምዎ ሳይመርጡ አይውጡ

ስምዎ ካልተገኘ ወይም መታወቂያዎ ካልበቃ፣ ፕሮቪዥናል ባሎት የሚባለውን፣ እስኪጣራ ድረስ ለብቻው የሚቀመጥ ድምፅ ይጠይቁ። ጆርጂያ ውስጥ መታወቂያውን በሦስት ቀን፣ ቴክሳስ ውስጥ በስድስት ቀን ውስጥ አቅርቦ ድምፁን ማስቆጠር ይቻላል።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ ሕግ ትርጉም እንዲቀርብ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ በዚያ ውስጥ የለም፤ ዲሲ ግን በራሷ ሕግ በአማርኛ ታዘጋጃለች። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ማንበብ የማይችል ሰው በየትኛውም ግዛት የሚረዳውን ሰው ይዞ የመግባት መብት አለው፤ ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እስካልሆነ ድረስ። እናት ልጇን ይዛ መግባት ትችላለች።

6. በፖስታ የሚመርጡ ከሆነ

መታወቂያ ጣቢያ ላይ የሚከላከለው በሌላ ሰው ስም መቅረብን ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት አንድን የምክር ቤት ምርጫ እስከ መድገም ያደረሰው ማጭበርበር የተፈጸመው ግን በፖስታ ድምፅ ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዘጠነኛ ወረዳ፣ በ2018፣ ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ዘመቻ ይሠራ የነበረ ሰው ያሰማራቸው ሰዎች በብሌደን ካውንቲና በአካባቢው ቤት ለቤት እየዞሩ የመራጮችን ወረቀት ሰበሰቡ፤ በ905 ድምፅ ልዩነት የተገኘው ውጤት ሳይጸድቅ ቀርቶ በ2019 ምርጫው እንደገና ተካሄደ። ስለዚህ ወረቀትዎን በጨዋ አንደበት «እኔ አደርስልዎታለሁ» ለሚል እንግዳ አይስጡ፤ ራስዎ ፖስታ ቤት ወይም በምርጫ ቢሮው መቀበያ ሣጥን ያስገቡት።

ፊርማዎንም ያስተውሉ። ብዙ ግዛቶች በፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ በመዝገብ ካለው ጋር ያነጻጽራሉ፤ መንጃ ፈቃድዎ ላይ በአማርኛ ፈርመው ፖስታው ላይ በላቲን ፊደል ከፈረሙ ሊያዝብዎ ይችላል። የትኛውን እንደተጠቀሙ ካላስታወሱ መንጃ ፈቃድዎን አውጥተው ይመልከቱ። ብዙ ግዛቶች ፖስታው መድረሱንና ተቀባይነት ማግኘቱን በድረ ገጻቸው ያሳያሉ። ፕሮቪዥናል ባሎት የሰጠ ሰው ደግሞ ድምፁ መቆጠር አለመቆጠሩን፣ ካልተቆጠረም ምክንያቱን፣ ያለ ክፍያ የሚጠይቅበት የስልክ ቁጥር ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ጣቢያው ላይ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፤ ያን ወረቀት ሳይቀበል ከጣቢያው አይውጣ።