ሬስ ኮንዲሽን ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ዞሮ ዞሮ ከቡና ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ምሳሌዬም ከዚያው ነው። አንድ የቡና መጋዘን ሁለት ሚዛን አለው እንበል። እያንዳንዱን ሚዛን የሚያነበው የራሱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ነው፤ ሁለቱም ክብደቱን የሚጨምሩት በአንድ ድምር ላይ ነው። ድምሩ 600 ኪሎ ላይ ሳለ ሁለት ባለ 60 ኪሎ ጆንያዎች በአንድ ጊዜ ተመዘኑ። ሁለቱም ትሬዶች 600 አነበቡ፣ 60 ደመሩ፣ 660 ብለው ጻፉ። 720 መሆን ነበረበት። አንድ ጆንያ ቡና በጠራራ ፀሐይ ጠፋ፤ ዘበኛው ምንም አላየም። ሬስ ኮንዲሽን ይህ ነው፤ ውጤቱ ትሬዶቹ በተገጣጠሙበት ሰዓት ይወሰናል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስሊፕ (ትሬዱን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆም ትዕዛዝ) መጨመር ነው። ችግሩ የጠፋ ይመስላል፤ የተለወጠው ግን ሰዓቱ ብቻ ነው። ስኬጁለሩ (ትሬዶችን ተራ የሚያስይዘው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል) የቱን ትሬድ መቼ እንደሚያስኬድ ቃል አልገባልንም። ሥራ ሲበዛ ችግሩ ይመለሳል። ፕሪንት (ስክሪን ላይ የሚጽፍ ትዕዛዝ) ሲጨመር ጠፋ ማለትም ያው ነው። ፕሪንት ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም በውስጡ የራሱ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሳልፍ ቁልፍ) አለው።

ሌላው መጻፉን ብቻ መቆለፍ ነው። ሁለቱም 600 ካነበቡ በኋላ ተራ ጠብቀው ቢጽፉ ምን ዋጋ አለው? ያው 660 ነው። ከማንበብ እስከ መጻፍ ያለው በሙሉ አንድ ሎክ ውስጥ ይግባ። «ሁልጊዜ ከሜሞሪ አንብብ» የሚለው ቮላታይልም አያድንም፤ ማንበብ፣ መደመርና መጻፍን አንድ እርምጃ አያደርጋቸውም።

ሎክና ወረፋ ለሌሎች የሚያቀርበውን ላይብረሪ ራሱን ለሚጽፍ ሰው ግን እውነተኛው ራስ ምታት መተኛትና መንቃት ላይ ነው። የሥራ ወረፋው ባዶ ከሆነ ትሬዱ ይተኛል፣ ሥራ ሲመጣ ይቀሰቀሳል። ይህን አንዴ ብቻ በሚያጣራው ኢፍ መጻፍ ስህተት ነው። የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ) ደንብ ማንም ሳይቀሰቅሰው ትሬድ ሊነቃ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። በአግባቡ ቢቀሰቀስ እንኳ ሎኩን እስኪይዝ ሌላ ትሬድ ሥራውን ላፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ የሚያጣራው ዋይል ይሁን፤ ነቅቶ ደግሞ ይመልከት።

ተቃራኒውም አለ። ትሬዱ «ባዶ ነው» ብሎ ሊተኛ ሲል በመሃል ሥራ ገባ። ቀስቃሹ ተጣራ፤ ገና የተኛ ስለሌለ ጥሪው ባከነ። ከዚያ ትሬዱ ተኛ። እንግዲህ ማን ያስነሳው? ሊኑክስ ላይ ፉቴክስ (ትሬድ የሚያስተኛና የሚቀሰቅስ የኬርነል ጥሪ) የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ኬርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ከማስተኛቱ በፊት ትሬዱ ሜሞሪ ላይ ያየው ቁጥር እንዳልተለወጠ ራሱ ያያል፤ ከተለወጠ አያስተኛም።

ሁለት ሎክ ካለ ሁሉም ትሬድ በአንድ ቅደም ተከተል ይያዛቸው። አለበለዚያ ዴድሎክ ነው፣ አንዱ የሌላውን ሎክ እየጠበቀ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ብዙ ማብራሪያም አያስፈልገው።

ትሬድ ሲዘገይ ቅድሚያውን ከፍ ማድረግ ደግሞ ችግሩን ማየት አለመፈለግ ነው። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ሪሴት ያደርግ (እንደ አዲስ ይነሳ) ነበር። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ሎክ ይዟል፣ ከፍተኛው እሱን ይጠብቃል፣ መካከለኛዎቹ ሲፒዩውን ይዘውታል። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው ያበሩት ሎክ የያዘው ሥራ የጠባቂውን ቅድሚያ እንዲወርስ የሚያደርገውን ምርጫ ነው።

«መቶ ጊዜ አስኬድኩት፣ አለፈ» የሚለውንም አልቀበልም። ሲ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ ኮምፓይለሮቹ ጂሲሲም ክላንግም ትሬድ ሳኒታይዘር የሚባል ሬስ የሚፈልግ መሣሪያ አላቸው። የሚይዘው ሲሮጥ ያየውን ኮድ ብቻ ነው፣ ፕሮግራሙንም በብዙ እጥፍ ያዘገየዋል። ስለዚህ የደንበኛው ሰርቨር ላይ ሳይሆን ቴስት ላይ አብሩት።